ስለት ነው ያልኩት ፀጉር

ፀጉሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስስ ነው፤ ሹሩባ ስሠራ እንኳ ሳምንት ሳይሞላ ሾልኮ ይፈታል። ካርቱም ሰው ቤት እየሠራሁ ሳለ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድሬድ አማረኝ። አንድ ጁምዓ አል-ማንሺያ ሰፈር የምሠራላትን እመቤቴን አስፈቅጄ፣ ዴም ሰፈር ቤቷ ውስጥ ፀጉር ወደምትሠራው ወደ ወሎዋ ዘሃራ ሄድኩ።

«ድሬድ? በዚችው?» አለችና ፀጉሬን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችው። «ደግሞስ ሴት ልጅ ያለ ስለት ፀጉሯን እንዲህ ታደርጋለች?»

አምሮኝ ነው ማለት አፈርኩ። «ስለት ነው። እናቴን እስካይ አልፈታውም» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

ዘሃራ ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። እያንዳንዷን ዘለላ በመዳፏ እያሸች፣ በኪሮሽ እየወጋች ስትገምድ የከሰዓቱ የአሱር አዛን ተሰማ። የጨረሰችው ግን ከኋላ ከኋላዋ ይፈታል።

«ኸላስ፣ ተይው በቃ» አልኳት።

«አብሽሪ፣ የሚያወፍረው ጊዜ ነው» አለችና ተነስታ በሩን ቀረቀረች። ከዚያ ከራሷ ወርዶ አይቼው የማላውቀውን ሻሽ አወለቀች። የሰው ፀጉር ስትሠራ የምትውለው ሴት፣ የራሷ ፀጉር ተጋግሮና ተገምዶ ወገቧ ላይ ወደቀ። እኔ የምመኘው ድሬድ!

«ማበጠሪያ ካየ ሰባት ዓመቱ። ልጄን ጡት ሳትጥል ነው ትቻት የመጣሁ። የምትፈታልኝ እሷ ናት፣ ኢንሻአላህ። አንቺስ፣ እናትሽን ካየሻት ስንት ዓመትሽ?»

የመጣልኝን ቁጥር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እጄ ግን እውነተኛውን መቁጠር ጀምሮ ነበር። የአንድ እጄ ጣቶች አልበቁኝም።