ፈረሰኛው የአባባ ነው

ትእዛዙ የደረሰን በገና ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዶሮው ተገንጥሎ ካለቀ በኋላ ነው። የሰፈርንበት ኮረብታ ከወልቂጤ በላይ ነበር። ከዚያ ላይ ሆኖ ጣሊያን የሠራው የጅማ መንገድ ቀጥኖ ይታያል። መልእክተኛው ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተናግሮ ወደ ሌላው የአርበኞች ጓድ ሄደ። ነገ ጧት ሦስት ካሚዮን ስንቅና ጥይት ጭኖ ያልፋል፤ ጎህ ሳይቀድ መንገዱ ዳር አድፍጡ። ትእዛዙ ይኸው ነበር። የጣሊያኖቹ ገና ከኛ ቀድሞ አልፏል። ለነሱ ነገ እንደ ማንኛውም ቀን ነው።

ይህን የምጽፈው ለወንድሜ ልጆች ነው። እናንተ የተወለዳችሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ አባታችሁ በገና ቀን ፈረሰኛውን ሲያነሳ ለምን ዝም እንደሚል አታውቁም። ብትጠይቁት አይነግራችሁም። እኔም በአፌ መናገር አይሆንልኝም። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ ግን መጻፍ እችላለሁ።

አያታችሁ የኬላ ዘበኛ ነበር። ከሰሜን መጥቶ ቡታጅራ ቤት ሠራ። በገና በቤታችን የማይቀሩ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ በዋዜማው ለጎረቤታችን ለእማማ ዘይነባ አንድ ዶሮ ከነነፍሱ ይሰጣል። እስላም ስለሆኑ እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ራሳቸው አርደው ይበሉታል። በአረፋ ደግሞ እሳቸው ለኛ ከነነፍሱ ይልካሉ። ሁለተኛው የእናቴ አጠራር ነው። ዶሮ ሲገነጠል አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል። እናቴ ድስቱን ከፍታ ብልቱን ከነባለቤቱ እየጠራች ታወጣለች። «ፈረሰኛ፣ ጌታዬ። አንገት፣ ታደሰ። ክንፍ፣ ደስታ።» ደስታ እኔ ነኝ፤ ታደሰ አባታችሁ ነው። የተጠራው «አቤት» ብሎ ድርሻውን ይቀበላል። ሁሉም «አቤት» ሳይል ማንም አይጎርስም። ፈረሰኛው የቤቱ ራስ ነው፤ ከአባባ በቀር ሌላ ሰው በልቶት አያውቅም።

አባባ ወደ ሰሜን ዘመተና አልተመለሰም። ጣሊያን ቡታጅራ በገባ በመጀመሪያው ገና፣ እናቴ እንደ ልማዷ «ፈረሰኛ፣ ጌታዬ» ብላ ጠራች። ብልቱን ወደ ታደሰ ገፋ አድርጋ «እንግዲህ አንተ ብላው፣ ልጄ» አለችው።

«እኔ አልነካውም» አለ ታደሰ። «አባባ ሲመጣ ይበላዋል።»

ፈረሰኛው ተከድኖ ሰነበተ። በኋላ ለውሻ ተሰጠ። ታደሰ ግን ቃሉን አልለወጠም። እናቴም ደግማ አልጠየቀችውም።

በዓመቱ እናቴ መስቃን ገጠር፣ የእማማ ዘይነባ ዘመዶች ዘንድ ተጠግታ ተቀመጠች። እኔና ታደሰ ወደ ዱር ወጣን። የእማማ ዘይነባ ልጅ ሸምሱም አብሮን ወጣ። በጓዱ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። ታደሰ ውጅግራ ጠመንጃ ይዟል። እኔ ጥይትና ውሃ እሸከማለሁ፣ ስንቅ አዘጋጃለሁ።

ገና ሲቃረብ ሸምሱ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ተመለሰ። በብብቱ ሥር ቀይ አውራ ዶሮ ይዟል።

«እናቴ ናት የላከችው» አለኝ። «ዘንድሮ ቤት የላቸውም፣ ተራው የኔ ነው ብላ።»

ዘበርጋ የሚባል ወዳጃችን፣ የጉመር ሰው፣ ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሁለት ቀን ሙሉ ዶሮ ተሸክመህ መጣህ? ያንን ያህል መንገድ መትረየስ ብትሸከም ጦርነቱ አልቆ ነበር እኮ!»

«መትረየስ ወጥ አይሆንም።»

«እኛ ቤት በመስቀል በሬ ነው የሚጣለው። እናንተ በገና አንድ ዶሮ ለአሥራ ሁለት ሰው!»

«ለአሥራ አንድ» አለ ሸምሱ። «እኔ እናንተ ያረዳችሁትን አልበላላችሁም።» ለራሱ ሁለት እንቁላል በትንሽ ሸክላ ቀቅሎ ከድኖ አስቀመጠ።

ታደሰ አረደ፣ እኔ ገነጠልኩ። በርበሬው የመስቃን ነበር። ጾም ስላልተፈታ ወጡን መቅመስ አይቻልም፤ እያሸተትኩ ነው የሠራሁት። ድስቱን በማግስቱ እስክንመለስ እንዳይቀዘቅዝ ትኩስ ረመጥ ውስጥ ቀበርነው።

ከመቅበራችን በፊት ባሻ ወርቁ፣ አለቃችን፣ «ድርሻውን አሁኑኑ ጥሪልን፣ ነገ እንዳንጣላበት» አለኝ። በሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል። አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ።

«ጮክ በይ እንጂ፣ እህቴ!» አለ ዘበርጋ። «ጣሊያን እንዳይሰማ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ቅልጥም ለዘበርጋ ደረሰ። ሁለቱ ክንፎች ከአረቅጥ ለመጡት ወንድማማቾች፣ ለወልዴና ለብርሃኑ። አንዱ መላላጫ ቡታጅራ ገበያ ልብስ ይሰፋ ለነበረው ለአቶ ሞላ። እንዲህ እያልኩ ፈረሰኛው ላይ ስደርስ ወደ ባሻ ዞርኩ። አለቃ እሱ ነው።

«ባሻ፣ ይቅርታዎን» አለ ታደሰ። «ፈረሰኛው የአባባ ነው።»

ባሻ ወደሱ ዞረ።

«አባትህ የት ነው ያለው?»

«ዘምቷል።»

ባሻ አባባ ከነማን ጋር እንደዘመተና ከነዚያ ስንት ሰው እንደተመለሰ ያውቃል። ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እንግዲያው ይቀመጥለት» አለ። «ለኔ ሁለተኛው መላላጫ ይበቃኛል።»

ለታደሰ የልጅነት ድርሻው፣ አንገቱ፣ ደረሰ። ሸምሱ ጠጋ ብሎ «ታዴ፣ አባትህ ከዘመተ ይሄ እኮ ሦስተኛ ገናው ነው» ሲለው ሰማሁ።

«ተወኝ» አለው ታደሰ።

ጎህ ሳይቀድ ወረድን። ከመንገዱ በላይ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኛን። የታኅሣሥ ውርጭ ነበር። አንድ ሰዓት ገደማ የሞተር ድምፅ ሰማን። ሦስት ካሚዮን ተብሎ ነበር፤ አራት መጣ። ባሻ የመጀመሪያውን አሳለፈ። ከኋላው ድንጋይ አንከባለልን። ሁለተኛው ሲቆም ተኮስን። ሾፌሩ ወደቀ። ሦስተኛውም ቆመ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንዳሰብነው ሄደ። አራተኛው ላይ መትረየስ ተጠምዶ ነበር።

ቁጥቋጦውን ከላያችን አጨደው። ወልዴና ብርሃኑ ጎን ለጎን እንደተኙ አልተነሱም። እኔ የጥይቱን ከረጢት እየጎተትኩ በደረቴ ሄድኩ። ዘበርጋ ዘንድ ስደርስ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።

«ቅልጥሜን ለሰው እንዳትሰጪብኝ» አለኝ።

ወደ ሌላው ዞሬ ስመለስ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቷል። ከረጢቱን አንስቼ አለፍኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ባሻ ክንዱን ተመትቶ «ወደ ላይ!» አለ። አቶ ሞላ ዳገቱ ላይ ቀረ። ሸምሱን ሆዱ ላይ መቱት። ታደሰ ተሸክሞት ወንዙ ድረስ አደረሰው። እዚያ «አውርደኝ» አለ። ውሃ ሰጠሁት፤ አልዋጠውም።

«ታዴ» አለ። «ፊቴን ወደ ቂብላ።»

ማናችንም እስላም የሚሰግድበትን አቅጣጫ በደንብ አናውቅም ነበር። ታደሰ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እማማ ዘይነባ ግቢያቸው ውስጥ ሲሰግዱ አይቷል። ፀሐይዋን አየና አዞረው። ነፍሱ ስትወጣ በሳንጃና በእጃችን ቆፍረን እንደዚያው በጎኑ ቀበርነው። የቀሩትን አራቱን ማንሳት አልቻልንም። መትረየሱ ከስፍራው አልተነሳም። አላለቀስኩም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፣ ግን አልመጣም።

ኮረብታው ላይ ከቀትር በኋላ ደረስን። ሰባት ነበርን። ረመጡን ገልጬ ድስቱን አወጣሁ። ሰዎቹ በዙሪያዬ ተቀመጡ። ክዳኑን አነሳሁና መጥራት ጀመርኩ። ለምን እንደጠራሁ አላውቅም። አፌ ልማዱን ይዞ ሄደ።

«መላላጫ፣ ባሻ።»

«አቤት።»

«ቅልጥም፣ ዘበርጋ።»

ድምፄ ጮክ ያለ ነበር። ማንም አልመለሰም። ብልቱን በጭልፋ አውጥቼ ከቆጮው ጥግ አስቀመጥኩት። ቀጠልኩ። ክንፍ፣ ወልዴ። ክንፍ፣ ብርሃኑ። መላላጫ፣ አቶ ሞላ። ያሉት «አቤት» አሉ፣ የሌሉት ዝም አሉ። የሸምሱ ትንሽ ሸክላ እንደተከደነች ከድንጋዩ ጎን ነበረች።

ምግቡ ቀርቦ ማንም እጁን አልዘረጋም። ሁሉም ሳይመልስ አይጎረስም የሚለውን የቤታችንን ደንብ እነሱ አያውቁም ነበር፤ ግን አልዘረጉም።

«ልጆች፣ ብሉ» አለ ባሻ። «የነሱንም ተካፍላችሁ ብሉ። ማታ ከዚህ እንነሳለን፣ መንገዱ ረጅም ነው።»

ድስቱ ውስጥ አንድ ብልት ቀርቷል።

«ፈረሰኛ» አልኩ። «አባባ።»

ታደሰ የወንዙ ጭቃ የደረቀበትን እጁን እያየ ነበር። ቀና አላለም።

«አቤት» አለ።

ሰጠሁት። አጥንቱ እስኪቀር ድረስ በላው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መብላት ጀመሩ። ወጡ ጨው አልገባበትም ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ሁሉም እንደዚያው በሉት። እንቁላሎቹን ማንም አልነካም። ስንነሳ እዚያው ተውናቸው።

በዚያ ገና ከጓዳችን የሞቱት ዘበርጋ፣ ወልዴ፣ ብርሃኑ፣ አቶ ሞላና ሸምሱ ናቸው። አምስት። ባሻም ለበላይ ሲያስታውቅ አምስት ብሎ ነው የላከው። አባታችሁ ግን ስድስት ቆጥሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለአባባ አንድም ቀን «ሲመጣ» ብሎ አያውቅም። ትክክል አድርጎ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። ለእማማ ዘይነባ በየገናው ዶሮ ከነነፍሱ የሚወስደው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይልክም። እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በገና እናታችሁ ድርሻችሁን ስትጠራ አትቀልዱ፣ አትዘግዩ። ቶሎ «አቤት» በሉ።