የኮምፒውተሮቹ ዘበኛ

ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የመጣለት ቀን የተደረገውን ንግግር ብትሰሙ፣ ማሽኖቹ ራሳቸው ተነሥተው የሚያስተምሩ ይመስላችሁ ነበር። «ቴክኖሎጂ»፣ «ትውልድ»፣ «ሽግግር» የሚሉትን ሦስት ቃላት ሦስት ኃላፊዎች ተራ በተራ አገላበጧቸው፤ እኛም በድሬዳዋ ፀሐይ ቆመን አጨበጨብን። ከዚያ ተረካቢ ተፈለገ። ወጣቶቹ መምህራን ነካክተው ያበላሻሉ ተባለና፣ ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ ተመረጠ። የጂኦግራፊ መምህሩ፣ እኔ።

ሃያውንም ኮምፒውተር ፈርሜ ተረከብኩ። ባለቤቴ አሮጌ አንሶላ ቀድዳ ለእያንዳንዳቸው ልብስ ሰፋችላቸው። ቡፌ ውስጥ የሚቀመጡትን ብርጭቆዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ እንግዳ ካልመጣ ውኃ አይቀዳባቸውም። የኛም ኮምፒውተሮች እንደዚያው ሆኑ። ጎብኚ ሲመጣ አንሶላው ይገፈፋል፣ ዩኒፎርማቸው የጸዳ ተማሪዎች ተመርጠው ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንሶላው ይመለሳል። የኮምፒውተር ትምህርት የሚሰጠው በጥቁር ሰሌዳ ነበር። መምህሩ ማውዝ በጠመኔ ይሥላል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ለፈተናም ያጠናዋል።

ሙቀት ይጎዳቸዋል ተብሎ ክፍሉ ቬንትሌተር ተገጠመለት። በግቢው የሚሠራ ቬንትሌተር እሱ ብቻ ነው። ቀን በስድስት ሰዓት፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስትጋደም፣ እኔም ከውስጥ ቆልፌ ሥሩ እተኛ ነበር። ጥበቃ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

አንድ ቅዳሜ መስኮቱ ተንኳኳ። የቅዳሜና እሑድ ተማሪዬ ናት፤ በሳምንቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር እንደሚሰጥ በዚያው ሰሞን ተነግሮ ነበር። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀች ያው ስፌት።

«አቦ ጋሼ፣ ክፈትልኝ! ፈተናው ሳይደርስ እጄን ላለማምድ።» እኛ ጋ ጋሼም አንተ ይባላል።

«ከርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ አምጪ።»

«እሱ ካንተ አምጪ ብሎኛል።»

«ታቆሽሻቸዋለሽ።»

«ወላሂ አታስቀኝ! ቀኑን ሙሉ ነጭ ሸሚዝ ሰፍቼ ጠብታ እድፍ የማይገኝብኝ ሴትዮ ነኝ። ይልቅ ያንተ ለሃጭ አንሶላውን አበላሽቶታል።»

እውነቷን ነው፤ ካንዱ ኮምፒውተር ላይ ገፍፌ ተከናንቤው ነበር። አፍሬ ከፈትኩላት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። የከፈትኩት ለርዕሰ መምህሩ እንዳትነግርብኝ ፈርቼ ነው።

ስትቀመጥ እግሯ ጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪናው ሁሉ ፔዳል ይፈልግ ጀመር። ሳቅኩባት።

«በል አንተ አሳየኛ!» አለች።

ማውዙን ብድግ አደረግኩና እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስክሪኑ አነጣጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ሳቁ የሷ ሆነ። እየሳቀች፣ እየተሳሳተች፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ከምልክት ወደ ምልክት መንዳት ያዘች። ለፈተናው ግን የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር፤ በቅዳሜና እሑድ ሲቆጠር ስድስት ቀን። እኔ ኮምፒውተሮቹን ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ሁለት ዓመት ነው።

ተፈትና ስትመለስ «እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት።

«አውቀው ነበር ጋሼ። እጄ ነው የዘገየው። ሰዓቱ ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ዘጋብኝ፤ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች አላየኋቸውም።»

«የምን ትምህርት ላይ?»

«ያንተ ላይ።»

ውጤቱ ሲወጣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች።

መስከረም ላይ፣ በመክፈቻው ስብሰባ፣ ስሜ ተጠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ኮምፒውተር አልተሰበረምና ለአርአያነቴ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ትምህርት ቤት መሆናችን ጎዳን እንጂ፣ መጋዘን ብንሆን ኖሮ ማን ይደርስብን ነበር! አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ወገቤ ልማድ አለበት።

ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እንኳን ደስ አለህ ጋሼ። እኔ እንደገና ተመዝግቤያለሁ። ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»

«በሁለት።»

«የፓርክ ጓደኞቼም ይመጣሉ። አሥራ አንድ ነን።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «እንግዲያው በአንድ ሰዓት ኑ» አልኳት።