እትዬ ሰረዝ ቤታቸውን አልለቀቁም

በማተሚያ ቤታችን የእርማት ክፍሉን ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙት እሳቸው ነበሩ። እኔ የጥራዝ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከእሳቸው ጠረጴዛ የሚለየኝ አንድ የእንጨት ግርዶሽ ብቻ ነበር። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው አስተዳደሩ ብቻ ይመስለኛል። ለእኛ «እትዬ ሰረዝ» ናቸው። ስሙ የወጣላቸው አንድ ቀን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቀርታለች ብለው ሥራ የጀመረውን ትልቁን ማሽን ስላስቆሙ ነው። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ፀጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው።

«በአንዲት ሰረዝ ሰው ይሞታል እንዴ?» ቢላቸው፣

«ሰው አይሞትም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ይሞታል» አሉና ገጹ እስኪታረም ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው።

ዓይናቸው የከዳቸው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ የሰው ፊት ደበዘዘባቸው። ጆሮና ፀጉር ይታያቸዋል፤ አፍንጫና አፍ ግን ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ደጋግሞ ከመረመራቸው በኋላ ሳይደብቅ ነገራቸው።

«የተጎዳው መሃለኛው እይታዎ ነው፤ ከእንግዲህ አይመለስም። ዳር ዳሩ ግን ይተርፍልዎታል። ሙሉ በሙሉ አይጨልምም።»

«ማንበብስ?»

«እሱ ይቀራል» አለ ሐኪሙ።

ባለቤታቸው ካረፉ ያኔ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከባሏ ጋር ከከተማው ሌላኛው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር። እናቷን «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ» እያለች ስትወተውት፣ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ከረሙ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት የምታወርደውን አንዲት ደረጃ ስተው ወደቁ። በዚያች ደረጃ ሃያ ስምንት ዓመት ተመላልሰውባታል። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጅቷ በማግስቱ መጥታ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተተችና ወሰደቻቸው።

የልጅቷ ቤት የመጽሔት ሽፋን ነው የሚመስለው። ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ክሬም፣ ወለሉ ነጭ፣ መሃል ላይ ያለው ጠረጴዛ መስታወት። እትዬ ሰረዝ እዚያ ቤት ውስጥ ወተት ውስጥ የወደቁ ያህል ሆኑ። አንዴ ሶፋው ላይ የተቀመጡ መስሏቸው ክንዱ ላይ ተቀመጡና ሊገለበጡ ለጥቂት ተረፉ። የመስታወቱ ጠረጴዛማ ቅልጥማቸውን አበለዘው። ውሃ ሲጠማቸው ይቀዳላቸዋል፣ ሰሃን ሊያነሱ ሲሉ «ተይው እማዬ» ይባላሉ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። እሳቸው ግን ሰው ቤት የተረሳ ዕቃ መሰሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ቁርስ ላይ ድንገት ጠየቁ።

«ልጄ፣ ያ ፎጣ ምንድን ነው?»

«የቱ ፎጣ?»

«መታጠቢያ ቤት የተሰቀለው፤ ጥቁር ሰማያዊው።»

«ተራ ፎጣ ነው፤ ምነው?»

«ከቤትሽ ዕቃ ሁሉ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው። እጄን ስዘረጋ ስቼው አላውቅም።»

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፎጣው የሚታያቸው ነጭ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ መሆኑን ሲያስቡ፣ የገዛ ቤታቸው አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ መጣ። ቡኒ ግድግዳ፣ ቡኒ መጋረጃ፣ ቡኒ ምንጣፍ፣ ቡኒ ወንበር። ባለቤታቸው «ቆሻሻ አያሳይም» እያሉ የመረጡት ቀለም ነው። ያች ደረጃም ቡኒ ናት፤ ከላይም ከታችም ቡኒ። እንኳን የእሳቸው ዓይን፣ የጤነኛም ዓይን ቢስታት አይፈረድበትም።

«ቤቴ ልመለስ ነው» አሉ።

«ቤቱን የሚከራይ ሰው እኮ አነጋግሬያለሁ!»

«ቤቱ የሚከራይ አይደለም፤ የሚቀየር ነው።»

«እማዬ፣ ዓይንሽ እያየ ልትወድቂ ነው?»

«ዓይኔ እያየማ ቢሆን መች እወድቅ ነበር!»

ይሄኔ ልጅቷ አለቀሰችም ሳቀችም። በመጨረሻ ተስማሙ። አንድ ወር ይሰጣቸዋል። ወሩ ሲያልቅ ልጅቷ መጥታ ቤቱን ታያለች፤ እሷ እያየች እሳቸው አንዴ እንኳ ቢደናቀፉ፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው አዘጋጅተው ይከተሏታል። ቃላቸውን ሰጡ።

ቤታቸው እንደገቡ መጀመሪያ ያስጠሩት የሰፈሩን ቀለም ቀቢ ነው። ሰውየውን ሰፈሩ «አይደርቄ» ይለዋል፤ ሥራ ለምን ዘገየ ሲባል ሁልጊዜ «አልደረቀም» ስለሚል ነው። መጥቶ ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ምክር ጀመረ።

«እትዬ፣ አሁን ሰው ሁሉ የሚያስቀባው ግራጫ ነው። ግድግዳውም በሩም ግራጫ። ዓይን ያሳርፋል።»

«የኔ ዓይን ያረፈው ይበቃዋል። ግድግዳው ነጭ ይሁን፣ የማያብለጨልጭ። በሮቹና መቃኖቹ በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ።»

«ኧረ እትዬ፣ ቀለሙ ይጮሃል!»

«ይጩህልኝ። የምፈልገውም እሱን ነው።»

አይደርቄ ራሱን እየነቀነቀ ሥራውን ጀመረ። እኔም ወሬውን ሰምቼ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ከባዱን መጋረጃ አውርደን ስስ ነጭ ሰቀልን፤ ያ ሁሉ ዓመት ደጅ የቆመ ብርሃን ዘሎ ገባ። አበባ የበዛበትን ምንጣፍ ጠቀለልነው። ነጩ የምግብ ጠረጴዛ ከነጩ ግድግዳ ጋር እንዳይቀላቀልባቸው፣ ከጥራዝ ክፍል በተረፈ ጥቁር ጨርቅ፣ የመጽሐፍ ጀርባ በምንለብድበት፣ ጠርዙን ዙሪያውን ለበድኩላቸው። የመብራት ማብሪያዎቹን በጥቁር አስከበብን። ወጥ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር ተጨማሪ አምፖል ገባ። ሁለት ዓይነት ኩባያ ለዩ፤ ሻይ በነጭ፣ ወተት በጥቁር። ሲቀዱ የቱ ጋ እንደደረሰ እንዲታያቸው ነው።

ሁሉም ግን እንደታሰበው አልሆነም። የደረጃዋን ጠርዝ አይደርቄ ቢጫ ቀባው፤ ከእሱ ደግነት የተነሳ በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት አንጸባረቀ። ቅዳሜ ስመጣ እትዬ ሰረዝ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ ዘለልኩት!» አሉኝ። «በስልሳ ሦስት ዓመቴ ዘለልኩት!»

አይደርቄ ሲጠራ መጣና «እትዬ፣ ትንሽ ቢታገሱ፣ ገና አልደረቀም እኮ» አለ። በሳቅ ልፈነዳ ነበር። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው «ፈግፍገህ አንሳውና በማያብለጨልጭ ድገመው» አሉት። ሁለት ጊዜ ደገመው። ሦስተኛው ተሳካ።

የባለቤታቸው ወንበር ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ቆመ። ቡኒ ቆዳ የለበሰ፣ ቡኒ ቁም ሣጥን አጠገብ የተቀመጠ ወንበር ነው። ሁለት ጊዜ ጉልበታቸውን መትቷቸዋል። ጨርቅና መቀስ ይዤ ስቀርብ እጃቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፈው ቆዳውን ዳበሱት።

«ካልፈለጉ ይቅር» አልኳቸው።

«እሱ ነበረ ቡኒ የሚወደው» አሉ ቀስ ብለው። «ፊቱን በፎቶ እንኳ ማየት አልችልም አሁን። ወንበሩን ጨርሼ ካጣሁትስ? ልበጂው። ብርቱካናማ ይሁን፤ ከበር ላይ ሆኜ የሚታየኝ።» ቀጥለውም፦ «ይሄን የቀኝ ክንዱን ግን ተዪልኝ። እጁ የፈገፈገው እዚህ ጋ ነው።»

የቀኙን ክንድ ትቼ ሌላውን ለበድኩት። ለጥራዝ ባለሙያ እንዲህ ያለ ጎዶሎ ሥራ ያሳፍራል፤ እኔን ግን አላሳፈረኝም።

ወሩ አለቀ። ልጅቷ እሁድ ጠዋት መጣች፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ገብታ ቆመች። በነጩ ግድግዳ መሃል ሰማያዊዎቹን በሮች፣ ብርቱካናማውን ወንበር፣ ቢጫዋን ደረጃ ተራ በተራ አየችና አፏን ያዘች። እትዬ ሰረዝ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀና ብለው ወጥ ቤት ገቡ፣ ደረጃዋን ወረዱ፣ ሻይ ቀዱ፣ ደረጃዋን ወጡ፣ ጠብ ሳያደርጉ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ነው የምትከተላቸው። ሁለተኛውን ሻይ ሊያመጡ ሲመለሱ ግን እግራቸው በአንድ ነገር ተጠለፈ። ሊወድቁ ሲሉ ሰማያዊውን መቃን ሳይስቱ ያዙት።

የልጅቷ ቦርሳ ነው። ስትገባ ሳታስበው ወለሉ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ቡኒ ቦርሳ፣ የእንጨት ወለል ላይ።

እኔ «ይሄ እኮ አይቆጠርም!» ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሰረዝ ቀደሙኝ።

«ቃል ቃል ነው» አሉ። «ሻንጣዬ ከአልጋው ሥር ነው፤ አምጪልኝ።»

ልጅቷ እናቷን አየቻቸው፤ አሁንም መቃኑን የያዘውን እጃቸውን አየች። መቃኑ እንደ ዱሮው ቢሆን ኖሮ አይታያቸውምና አይይዙትም ነበር። ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

«እማዬ፣» አለች፣ «ቦርሳዬ የት ይሰቀል?»

እትዬ ሰረዝ ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቷ ተንበርክካ አቀፈቻቸው። እኔ ሻዩን ላመጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ።

በዚያው ሳምንት በሩ አጠገብ ቀይ መስቀያ ተመታ። የሚገባ ሁሉ ዕቃውን እዚያ ይሰቅላል፤ ያልሰቀለ ሻይ አይቀርብለትም። ልጅቷም ቤቷ ተመልሳ የመስታወቱን ጠረጴዛ ለሰው ሰጠችው፣ «ለካ እኔንም ስንቴ መትቶኛል» ብላ።

ይሄ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ዓይናቸው አልተሻለም፤ እንዲያውም ጭጋጉ ትንሽ ሰፍቷል። ማንበብ የለም። ለዚህ ማልቀሳቸውን አይደብቁም፤ አንዳንድ ጠዋት ጋዜጣ አፍንጫቸው ሥር ያደርጉና፣ ቀለሙን ያሸቱና፣ አጥፈው ያስቀምጡታል። ከዚያ ተነስተው ቤታቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ በራቸውን በገዛ እጃቸው ይቆልፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከአይደርቄ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ቢጫው አሁን እየደበዘዘባቸው ስለሆነ ደረጃዋ ቀይ ትሁን ይላሉ። እሱ ደግሞ ቢጫው ገና አዲስ ነው ባይ ነው።

«ላንተ አዲስ ነው» አሉት። «ለኔ አርጅቷል። ቡርሽህን አምጣ።»