አምስት ሰከንድ ጭብጨባ

የሰፈሩ ሰው «ሰፊው» ይለዋል፤ ልብስ ሰፍቶ ግን አያውቅም። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት ወንበር ሲገባባት በሯ በማይዘጋ ክፍል ተቀምጦ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደስታ ሲቀጣጥል ኖሯል፤ አሰልችቶትም አያውቅም። የሙሽሮቹን ስም የያዘውን ጽሑፍ አንዴ አሳምሮ ይሠራና ኮፒ አድርጎ በየቦታው ይለጥፈዋል። ለአንዱ ክሊፕ ያበጀውን ቀለምም እንዲሁ ለሌሎቹ ያለብሳቸዋል።

አንዲት ክሊፕ ግን የጓዳ ምስጢሩ ነበረች። አክስቱ በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ እየሳቀች ስታጨበጭብ የተቀረጸች፣ አምስት ሰከንድ ናት። የካሜራው ባትሪ ሲያልቅ ወይም ቀራጺው ሲዘናጋ የሚፈጠረውን ክፍተት የሚደፍነው በእሷ ነው። ይለጥፋታል፣ የዕለቱን ቀለም ያለብሳታል፣ አለቀ።

«ካርድ ሳይላክልኝ በሰው ድግስ ስታዞረኝ ልትኖር ነው?» ትለዋለች አክስቱ።

«አንቺ ከሌለሽማ ሠርጉ ይቀዘቅዛል» ይላታል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር እሱ ያቀናበረውን የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይዘው ገቡ። ልጃቸውን ከዳሩ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

«ይቺ ሴትዮ የማን ናት?» አሉት። «እኛ የሙሽራው ወገን ናት አልን። እነሱ ደግሞ የእናንተ ናት አሉን። አራት ጊዜ ስታጨበጭብ አየናት።»

ሰፊው ሊዋሽ አፉን ከፈተና አልሆነለትም። «አክስቴ ናት፣ አባባ። ክፍተት ስደፍንባት ነው።»

ሰውየው አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እሺ፣ ትድፈን። እኔ ግን የት አለሁ? ሁለት ሰዓት ሙሉ አየሁት። አንዴ ጀርባዬ ብቅ ብሎ ጠፋ። የልጅ ልጅ መጥቶ አያቴ የቱ ነው ቢል ምን ሊያሳዩት ነው? የኮቴን ጀርባ?»

ሰፊው አፈረ። ደግነቱ ዋናውን ቀረጻ ሦስት ወር ሳይሞላው አያጠፋም። አብረው ከመጀመሪያው አንስተው ያዩት ጀመር። ሰውየው የዚያን ዕለት አንዴም አልተቀመጡም። መኪና ሲያስቆሙ፣ የተቃጠለ አምፖል ሲቀይሩ፣ ወንበር ሲያመላልሱ ነው የዋሉት። ካሜራው የሚያገኛቸው በጠርዙ ብቻ ነው።

«አባት ነኝ ብዬ ጉልበት ሠራተኛ ሆኜ ስውል ማን ይቅረጸኝ» አሉ ለራሳቸው።

ሰፊው አክስቱን ከሦስት ቦታ አንስቶ እሳቸውን አስገባ። ለአራተኛው የሚሆን አጣ። ቢቸግረው አይረቡም ብሎ ለይቶ የጣላቸውን ክሊፖች ከፈተ። አንዷን የጣላት ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስላላየች ነበር። ሚዜዎቿ እያወሯት፣ አንገቷን አዙራ፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሆነ ነገር በዓይኗ እየተከተለች ፈገግ ትላለች። ከፊት ለፊቷ፣ ደብዘዝ ብለው፣ ሦስት ወንበር ደራርበው የተሸከሙ ሰው ያልፋሉ።

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«እኔን ነው የምታየው?»

«እዚያ ጋ ሌላ ማንም የለም፣ አባባ።»

ሰፊው እንደ ልማዱ የሌሎቹን ቀለም ሊያለብሳት፣ ጽሑፉንም ሊለጥፍባት እጁን ሰደደ።

«ተዋት» አሉት። «እንዳለች ትሁን። እስከ መጨረሻዋም ልቀቃት።»

ክፍተቱ አምስት ሰከንድ ነበር፤ ክሊፗ አሥራ አንድ። ሰፊው የቀረውን ሠርግ በሙሉ ስድስት ሰከንድ ወደ ኋላ ገፍቶ ቦታ ለቀቀላት።