ወር ሳይሞላ የተዘጋ ኢንሹራንስ

ኢንሹራንስ የሚዘጋው ወር ሲያልቅ ነው። ሰው ሥራውን ቢለቅም፣ የማደሻውን ፎርም መሙላት ቢረሳም፣ ወሩ እስኪያልቅ ይሸፍኑለትና ከዚያ ይቆርጡበታል። ሥራውን ያስለመደችኝ ሴት ግን ገና ስጀምር አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ወር ሳይሞላ፣ በመሐል የተዘጋ ካየሽ፣ ስልክ ከማንሳትሽ በፊት ቁጭ በይ አለችኝ። ለምን ብላት፣ በወር መሐል የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሲሞት ነው አለችኝ። እኔም ልታስፈራራኝ ነው ብዬ ስቄ አለፍኩት።

በሰው አገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ አንድ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ቢሊንግ እሠራ ነበር፤ የሕክምናውን ሂሳብ ለኢንሹራንስ የምልከው እኔ ነኝ። ስቀጠር ቴራፒስቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ፎቁን ሙሉ ያዙት። ቴራፒስት ይጨመራል፣ ክፍል ይጨመራል፣ የሻይ ማሽን ሳይቀር ይጨመራል፤ ቢሊንግ ላይ ግን ያለሁት እኔው ብቻዬን ነኝ። መስኮት የሌለው ክፍል ሰጥተውኝ እዚያ እቃጠላለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከኮሎምቢያ ሃይትስ በአውቶብስ እየተንቀጠቀጥኩ እመጣና፣ ኮቴን ሳላወልቅ የሳምንቱን ባለቀጠሮ ሁሉ ኢንሹራንሱ መሥራቱን ቼክ አደርጋለሁ። አረንጓዴ ከመጣ እሰየው። ቀይ ከመጣ ባለቀጠሮው ጋ እደውላለሁ።

አንድ ሰኞ፣ በዚያ በረዶ፣ የአንዲት ሴትዮ ስም ቀይ ሆኖ መጣ።

ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ። ከአፕል ቫሊ ነው የሚመጡት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ ያጥባሉ። ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፣ ከኔ ጋር ግን በአማርኛ ነው የምናወራው። መጀመሪያ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ስንገጣጠም፣ እንዲህ ያለ ቦታ ከአገር ሰው ጋር መተያየት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ነበር። እጄን ይዘው አስቆሙኝና፣ ነይ ሳሚኝ፣ አንቺም አላየሽኝ እኔም አላየሁሽ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ባላቸው ቁጥር ሳያዩኝ አይሄዱም። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ዘው ነው የሚለው።

ስለ ሕመማቸው አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። ማንሳትም አያስፈልጋቸውም ነበር። ክሌማቸውን፣ የክፍያ ጥያቄያቸውን፣ ለኢንሹራንሱ የምልከው እኔ ስለሆንኩ፣ ከስማቸው ሥር የምጽፈውን ኮድ በቃሌ አውቀዋለሁ። ራሱን ስለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሚጻፍ ኮድ ነው። እየሳቁ ከረሜላ ሲያቀብሉኝ እንኳ ያ ቁጥር ድቅን ይልብኝ ነበር።

ቀዩን ስነካው የተዘጋበት ቀን ወጣ። ያለፈው ረቡዕ ይላል። ወሩ ገና አጋማሹ ላይ እንኳ አልደረሰም።

ባለፈው ሰኞ መንገዱ በረዶ ነው ብለው ቀርተዋል፤ ስለዚህ ካየናቸው ሁለት ሳምንት ሆኗል ማለት ነው። ደወልኩ፤ አይነሳም። መልእክት ልተው ስል ሳጥኑ ሞልቷል ይለኛል። እንደገና ደወልኩ። በቢሮው ስልክ እምቢ ሲለኝ በራሴ ደወልኩ። ጌታ ሆይ፣ እባክህ፣ እባክህ እያልኩ ጣቴ እስኪዝል ደወልኩ።

ሄጄ ለክሊኒኩ ባለቤት ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ቀጠሯቸው ዛሬ ከሰዓት ስለሆነ እስከዚያ እንጠብቅ፣ ካልመጡ ዉድበሪ ከተማ የምትሠራ ልጅ አለቻቸው፣ እሷ ጋ ይደወላል አለች። የምትደውይውም አንቺ ነሽ፣ ባህሉን ታውቂያለሽ አለችኝ።

ባህሉን ማወቄ እኮ ነው የገደለኝ። በኛ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቷ ተሂዶ ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷ ሥራ ቦታ ደውዬ፣ ከቢሊንግ ነው፣ እናትሽ በሕይወት አሉ ወይ ልበላት? እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ላርዳት? ምሳዬን ከፍቼ መልሼ ከደንኩት። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በሩን አያለሁ፤ ኮቴው ያልፋል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ፓርኪንግ የለ፣ አስፋልቱ መስተዋት ሆኗል፣ ምን ዓይነት አገር ነው እያሉ ሴትዮዋ ገቡ። ብድግ ብዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ኮታቸው ላይ ያለው በረዶ ጉንጬን አራሰው፤ እኔ ደግሞ በእንባ አራስኳቸው። "ምን ሆነሻል? ማን ሞተብሽ?" አሉኝ።

ማንም፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኩ።

የክሊኒኩ ባለቤት ቀደም ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ ቢመጡ ሞተዋል የሚለውን ቃል እንዳታነሺባቸው ብላለች። ሞትን ለሚመኝ ሰው ሞተሃል አይባልም። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ኮምፒውተር ተበላሽቶበት ነው፣ እናስተካክለው አልኳቸው። ኢንሹራንሶቹ ከራሱ ከአባሉ ካልሰሙ ስለማያስተካክሉ፣ ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግሁት። የአባልነት ቁጥራቸውን ሰጠሁ። ከወዲያ ያለው ልጅ ጥቂት ጠብቆ፣ በጣም አዝናለሁ፣ አባልዋ ዲሲስድ ናቸው አለ።

ስፒከሩን ለማጥፋት እጄን ሰነዘርኩ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ያቺ ቃል ሟች ማለት መሆኗን በደንብ ያውቃል።

"እኔን ነው?" አሉኝ።

ስህተት ነው እናቴ፣ ስህተት ነው አልኩና ልጁን እንደገና እንዲያይ ለመንኩት። ሲፈልግ ቆይቶ፣ በስማቸውና በአባታቸው ስም፣ በዚያው የልደት ቀን ሌላ ሴት እንደሞተችና መዝገባቸው አንድ ላይ እንደተደባለቀ ነገረን። ከስደተኛ ካምፕ መጥቶ ልደቱን ያላወቀ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ አንድ ይባልለታል። የስማችን መመሳሰል ሲጨመርበት፣ እንኳን ኮምፒውተር እኛም እንሳሳታለን።

"አላህ ይዘንላት" አሉ ሴትዮዋ። ተመስገን፣ አለፈልን ብዬ ትንፋሼን ሳልጨርስ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

"መቼ ነው የሞትኩት?"

"ረቡዕ ይላል፤ ግን..."

"ዛሬ ሰኞ ነው።" ቀናቱን በጣታቸው ቆጠሩ። "ማንም አለች ወይ ብሎ አልደወለም እኮ።"

ጠዋት ቀዩን ሳየው የፈራሁት ፍርሃት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ሰውነታቸው እዚያ ወንበር ላይ አለ፤ እሳቸው ግን እየራቁኝ መሰለኝ። ቴራፒስት አይደለሁ፣ ምን እንደሚባል አላውቅ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"እኔ ደውያለሁ" አልኳቸው።

"መቼ?"

"ከጠዋት ጀምሬ። አያነሱትም እኮ።"

ለካ የቢል ዕዳ ጠያቂ እየደወለ ስላስመረራቸው የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም። ቦርሳቸውን ከፍተው ስልኩን አወጡ። መነጽር የላቸውም፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያልተነሱትን ጥሪዎች በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ሳቡ፣ አሁንም ሳቡ። ጣታቸው ቶሎ አላቆመም።

"ይሄ ሁሉ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ከስፒከሩ ልጁ ሄሎ ሄሎ አለ። መዝገቡን ለመክፈት ከአባልዋ ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ፣ አሁን አጠገብሽ አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"አለሁ" አሉት፣ በአማርኛ።

ልጁ አልገባውም፤ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ።

"አለሁ" አሉት እንደገና፣ ጮክ ብለው።