ወደ ኢየሩሳሌም በባል ፈቃድ

ከአገር ለመውጣት የሚጠየቀውን ወረቀት ሁሉ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ወንድ እንደሆነ ግን እምላለሁ።

ነገሩ የሆነው ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያን ጊዜ ወልድያ አስተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ካላት አክስቴ ጋር ነው። አክስቴ በክፉ በሽታ ተይዛ ሁሉም ተስፋ በቆረጡባት ሰዓት «ከዳንኩ ኢየሩሳሌም ሄጄ ጎልጎታን እሳለማለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ዳነች። ከዚያ ወዲህ ሞትን ራሱን ሳይሆን ስለቷን ሳታደርስ መሞትን ትፈራ ጀመር።

ምን ምን እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅ ደሴ አብረን ሄድን። አውቶቡሱ መርሳ ሲቆም አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ውርጌሳ እስክንደርስም አልገለጠችውም። «ምነው?» ብላት «አቧራው ነው» አለችኝ። አቧራ አልነበረም። መርሳ ውስጥ ጥሏት የሄደ ባሏ ይኖራል።

ደሴ፣ ፓስፖርት በሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ልጇ የሚሆን ጎረምሳ ነው። አንቱ ማለት ምላሱን የሚያቆስለው ይመስል፣ ቀና ሳይል፣

«ፎቶግራፍ፣ ሁለቱም ጆሮሽ የሚታይበት። የፈንጣጣና የቢጫ ወባ ክትባት። ዋስ። የመመለሻ ቲኬት። ይህ ካልተሟላ ፓስፖርትም የለ፣ ቪዛም የለ። ባል አለሽ?» አላት።

«ኸረ ጌታዬ፣ እሱስ ጥሎኝ ሄዶ መርሳ ሌላ ቤት ሠርቷል።»

«ፈቶሻል?»

«ሽማግሌ ፊት መች ቀርቦ!»

«እንግዲያው ባል አለሽ። በምስክር ፊት ፈቃዱን ይስጥ።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ሌላውን ሁሉ አሟላች። ክትባቱ ክንዷን አሳብጦ ሰነበተ። ፎቶ አንሺው ሻሿን ወደ ኋላ እንድትገፋ ቢለምናት «ጆሮዬን የፈጠረው ያውቀዋል፣ ለሌላው ምን ያደርግለታል?» እያለች እየተቆጣች ሻሹን ገፋች። የአንዲት የወልድያ ባለሱቅ ጆሮ ካልታየ የትኛው አገር ምን እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባሏ ለፍች ሽማግሌ በላከችበት ቁጥር አንዴ አመመኝ፣ አንዴ አዝመራ ደረሰብኝ እያለ ሲቀር የኖረ ሰው ነው። መርሳ ጠላ ቤት ተቀምጦ «ወልድያ ያለችው ባለሱቅ ሚስቴ» ማለት ይጥመው ነበራ! ሽማግሎቹም ከሱ አይሻሉም። በየዓመቱ የአክስቴን ዝክር ይበሉና «ባልና ሚስት ፊት ለፊት ካልቆሙ አንፈታም» ብለው አፋቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ፈቃድህ ተፈልጓል የሚል መልእክት ሲደርሰው ግን አዝመራውም ሕመሙም የት እንደገባ እንጃ፣ በማግስቱ መጣ።

የሰው ካፖርት ለብሶ ነበር። ጅብስ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ ይኼኛው ከሚያውቁት ቤት ገብቶ ለምስክርነት ከተጠሩት ሽማግሎች በላይ መደቡ ላይ ተኮፈሰ። በላ፣ ጠጣ፣ ጥርሱን ፋቀ። ከዚያ የፈቃዱን ዋጋ ተናገረ።

«እኔ ተዚህ ቤት የወጣሁት ተከፍቼ ነው። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ያን ጊዜ እፈቅዳለሁ።»

ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ነው። ደም ያፈሰሰ፣ ወንድሙን የከዳ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከተበዳዩ ፊት ይንበረከካል። ጥሏት ለሄደው ሰው እሷ ድንጋይ ትሸከም! አፌን ልከፍት ስል ሽማግሎቹን የሚመሩት ቄስ ቀደሙኝና «ስለ ኢየሩሳሌም ብላ ብታደርገው በረከት ነው» አሉ። በረከት! ደሜ ፈላ።

አክስቴ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ የሱቋን በር የምታስደግፍበትን ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማለች። ፊቱ ጎንበስ ብላ፣

«አጥፍቼ እንደሁ ይቅር በሉኝ» አለችው።

ድንጋዩን እንደተሸከመች ሆን ብሎ አቆያት። ቀስ ብሎ ጢሙን ደባበሰ። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ይቅር ብያለሁ» አለና እኔ በጻፍኩት የፈቃድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

አክስቴ ድንጋዩን አወረደች። ሽማግሎቹ ለመነሣት ከዘራቸውን ሲፈልጉ «ተቀመጡልኝ» አለቻቸው።

«የኔ በደል ተነሥቷል፤ ይቅር ብያለሁ ሲል በጆሯችሁ ሰምታችኋል። የቀረው የሱ ነው። ፊት ለፊት ካልቆማችሁ አንፈታም ስትሉኝ ኖራችኋል፤ ይኸው ቆመናል። ፍቱን።»

ቄሱ ባልየውን አዩት፣ ባልየው መሬቱን አየ። ከሽማግሎቹ አንዱ «መርሳ ሌላ ቤት ሠርተሃል?» ብለው ጠየቁት። እንዳይክድ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። የሚያመካኙበት ነገር አልነበራቸውም፤ በእሷ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ሁሉ እሱ ራሱ ይቅር ብሎ ጨርሶታል። እዚያው ተቀምጠው ፈቷቸው፤ ወረቀቱንም እኔው ጻፍኩት። እንደዚያን ቀን የእጅ ጽሕፈቴ አምሮ አያውቅም።

ያን ጊዜ ባልየው ዘሎ ተነሣ። «ፈቃዴን አንሥቻለሁ! ወረቀቴን መልሱ!»

አክስቴ የፈቃዱን ወረቀት ከእጄ ተቀብላ ዘረጋችለት። «እንካ» አለችው፤ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ባል የሌላት ሴት የባል ፈቃድ አትጠየቅም።»

ደሴ ያ ጸሐፊ የፍቹን ወረቀት ገልብጦ ገልብጦ አየና ማመልከቻዋ ላይ ማኅተሙን መታ። ለትንሣኤ ሄዳ ስለቷን አደረሰች። ስትመለስ ወልድያ እንደ ወጉ «ኢየሩሳሌም» ብላ ትጠራት ጀመር። ባልየውም መርሳ ጠላ ቤት ተቀምጦ «እኔ ነኝ የላክኋት» ይላል ሲሉ ሰማን።

ከዚያ ወዲህ ለመሳለም የሚነሣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይጠይቃል። ለወንዶቹ ትቆጥርላቸዋለች፤ ፎቶግራፍ፣ ክትባት፣ ዋስ፣ ቲኬት። ባል ያላት ሴት ስትመጣ ግን ይህን ሁሉ ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ፣ በሩን ያስደገፈችበትን ድንጋይ በአገጯ እያመለከተች፣

«ካስፈለገሽ ይቺንም አውስሻለሁ» ትላት ነበር።