ከደሴቷ የመጣው ቁራጭ

የርካ ማሩሲች ተቀምጣ የማቴ ሻይ ስትጠጣ ያየ ሰው በቺሊ ደቡብ ጫፍ ባለችው በከተማችን በፑንታ አሬናስ ያለ አይመስለኝም። ሌላው በእርጋታ የሚመጠውን እርሷ ከላቦራቶሪው በር እስከ መስኮቱ እየተመላለሰች ትጨርሰዋለች። ኃላፊያችን ዶኛ ኔሊዳ «ነፋስ ያዋለዳት» ይሏታል።

ከአንታርክቲካ በተመለሰችበት ክረምት ግን እረፍት የነሳት ሌላ ነገር ነበር። ተመራማሪ እምብዛም ካልረገጣት አንዲት ደሴት ላይ ላይከን አግኝታለች፤ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው በድንጋይ ላይ እንደ ሽበት የሚበቅሉትን ዓይነት። ግራጫ ነው፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሌላ እንዳትፈልግ ማዕበሉ ተነሥቶ ጀልባዋ ጠራቻት። የርካ ዓለም የማያውቀው ዝርያ መሆኑን ማለች፤ ስሙንም ራሷ ልታወጣለት ቆርጣ ተነሣች። ለዚህ ደግሞ የዲኤንኤ ባርኮዱ ያስፈልጋታል፤ ከአካሉ ጥቂት ተፈጭቶ የአንዲት አጭር የዘረመል ክፍል ፊደላት ይነበቡና እስካሁን ከተሰበሰቡት ጋር ይመሳከራሉ። የተፈጨው ግን ተመልሶ አይገኝም።

እንደተማርነው ጥቋቁሮቹን ነጠብጣቦች ለቅማ ፈጨችና እንዲነበቡ ወደ ሳንቲያጎ ላከች። ላይከን የሚሰየመው በፈንገሱ ነው፤ ነጠብጣቦቹም አልጌ የማይደባለቅባቸው የፈንገሱ ፍሬዎች መስለዋት ነበር። ከሳንቲያጎ የመጣው መልስ ግን የታወቀ ጥገኛ ፈንገስ ስም ነበር፤ በላይከኖች ላይ ተጣብቆ የሚኖር። ነጠብጣቦቹ የእንግዳው እንጂ የባለቤቱ አልነበሩም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አላት የሥራ ባልደረባችን ኔስቶር። «ልጁ ግን የጎረቤት ነው።»

«አፍህን ዝጋ! ያንተንማ ማን ዞር ብሎ አይቶት ያውቃል?»

«ቢሆንም የራሴ ነው፣ እመቤቴ!»

የርካ የቀረውን በሙሉ ልትፈጭ ተነሣች። ዶኛ ኔሊዳ እጇን ያዙ።

«ሁሉንም? ነገ ሰው ‹የታለ?› ቢልሽ ምን ልታሳዪው ነው?»

«ካልተነበበ ቢቀመጥስ ምን ይሠራልኛል፣ ዶኛ ኔሊዳ?»

«የርኪታ፣ ናሙና የሌለው ስም ሐሜት ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ውሰጂ። ከዚያ ካለፍሽ ቁልፉን እቀማሻለሁ።»

በአጉሊ መነጽር ሥር ነጠብጣብ የሌለበትን ጠርዝ ፈለገች። ነፋሱ ሕንጻውን ባናወጠ ቁጥር ምላጩን ታነሣለች፤ ጋብ ሲል ትመልሳለች። ሁላችንም ሥራ የያዝን መስለን የእርሷን እጅ እናይ ነበር። በመጨረሻ ንጹሕ ጠርዝ ቆርጣ ፈጨችው፤ ላከችውም። ከዚያ ወዲያ አብሯት መዋል ፈተና ሆነ፤ የታጠበውን ብልቃጥ ደግማ ታጥባለች፤ የተዘጋውን በር ትዘጋለች፤ ደኅና አደርሽ ያላትን ትቆጣለች።

መልሱ ሲመጣ ከትከሻዋ በላይ አብረን አነበብነው። ላይከኑ ራሱ ተገኝቷል፤ ፊደላቱም አንድም ሳይዛነፍ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ካለችው ከስቫልባርድ፣ ከምድር ወዲያኛው ጫፍ ከተሰበሰበ ላይከን ጋር ገጥመዋል።

«ስም አለው» አለች የርካ።

ኔስቶር ወንበር ሳበላት።

«ደስ ይበልሽ እንጂ» አሉ ዶኛ ኔሊዳ። «በእኛ በኩል ከአንቺ በፊት ያየው የለም።»

«ደስ አላለኝም። ሰው ቀድሞ ክርስትና አንሥቶታል።» የቀረው ናሙና ያለበትን ፖስታ ሳበችና ሌላ ሰው ያወጣውን ስም ወረቀቱ እስኪሰረጉድ ተጭና ጻፈችበት። ከዚያ ብዕሩን ሳታስቀምጥ ቀና አለች። «መሐል ላይ ያን ሁሉ ሞቃት አገር እንዴት አለፈው?»

«ወፍ ይዞት ይሆናል፤ ነፋስም ይሆናል» አሉ ዶኛ ኔሊዳ። «የአንዲስን ተራሮች ጫፍ ጫፍ እየረገጠ ወርዷል የሚሉም አሉ።»

«አንዲስ ላይ ፈልጎ ያገኘው አለ?»

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

የርካ ወደ ኔስቶር ዞረች። «ያ የተቀደደው ድንኳንህ ተሰፋ?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ተሰፋ ወይስ አልተሰፋም?»

«በዚህ በረዶ? አብደሻል እንዴ?»

«በረዶው ይቀልጣል» አለችና የአንዲስን ካርታ ከግድግዳው ላይ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።